ሄድፎናችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት አልበሙን መርምሩ

አንድ የሮክ አልበም ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሳትደርሱ ጆሯችሁን ካደከመው፣ ሌላ ሄድፎን ለመግዛት አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ሄድፎኑ ምንም አላጠፋም። አልበሙ ራሱ ከስቱዲዮ የወጣው ተጨፍልቆ ነው። እኔ እንጀራዬ ድምፅ መቅዳትና ማስተካከል ነው፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ከባድ ሮክ እሰማለሁ። ስለዚህ «ይሄ ባንድ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣልኛል። መልሱን እቤታችሁ ሆናችሁ ማግኘት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ምን እንደምትፈልጉ እንወቅ። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ ዜሮ ዴሲቤል ይባላል። ከዚያ በላይ መውጣት የለም። አንድን ዘፈን ከጣሪያው ሳያልፍ የበለጠ ማስጮህ ከተፈለገ፣ ብቅ ብቅ የሚሉትን የከበሮ ምቶች በሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ በሚያግድ መሣሪያ) ትደፈጥጣላችሁ፣ ከዚያ ሙሉውን ወደ ላይ ትገፋላችሁ። ዝቅ ያለው ከፍ ይላል። ከፍ ያለው ግን መሄጃ የለውም። በልኩ ሲሆን ግሩም ነገር ነው፤ ያለ ኮምፕረሰር (የከፍተኛውንና የዝቅተኛውን ድምፅ ልዩነት የሚያጠብ መሣሪያ) ሮክ ሮክ አይሆንም። ጣጣው የሚመጣው ልኩ ሲታለፍ ነው።

ለምን ታለፈ? በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሁሉም የራሱ ሲዲ ከጎረቤቱ ሲዲ በልጦ እንዲጮህ ፈለገ። ስታዲየም ውስጥ የፊቱ ሰው ሲቆም የኋላውም እንደሚቆመው ማለት ነው። በመጨረሻ ሁሉም ቆሞ ያያል፣ ማንም የተሻለ አላየም፣ እግር ብቻ ይደክማል።

አሁን ወደ ምርመራው። ከሁሉም በፊት ቮልዩም አስተካክሉ። ጆሮ ይሸወዳል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጮኸውን «ይሄ ይሻላል» ይላል። ስለዚህ ሁለት አልበም ስታወዳድሩ የሚጮኸውን ዝቅ አድርጉና እኩል ይሁኑ። ስፖቲፋይ ላይ ድምፅ የሚያስተካክለውን ሴቲንግ ክፈቱት፤ በተለምዶ ሁሉንም ወደ −14 ሉፍስ (ጆሮ የሚሰማው ጩኸት መለኪያ) ያመጣዋል። አፕል ሚውዚክ ላይ ሳውንድ ቼክ የሚባለው ነው፣ እሱ ወደ −16 ነው። እዚህ ላይ ጉዱ ይወጣል። ያ ሁሉ ጩኸት ወደ ታች ሲወርድ የተጨፈለቀው አልበም ከሌሎቹ አንሶ፣ ሟሙቶ ይሰማል። ባንዶቹ ለዚህ ነበር የተጋፉት እንግዲህ!

ቀጥሎ ስኔሩን፣ ያንን «ጧ» የሚለውን ከበሮ፣ ስሙ። ሌላውን ሁሉ ተዉት። ጥሩ ማስተር (ለሕትመት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) ላይ ስኔር ሲመታ ከጊታሩ ፊት ዘሎ ይወጣል። የተጨፈለቀው ላይ ጊታሩ ውስጥ ይሰምጣል፤ «ጧ» ማለቱ ቀርቶ «ፍፍ» ይላል። ከዚያ ስንኙንና አዝማቹን አነጻጽሩ። አዝማቹ ሲገባ ከፍ ሊል ሲገባው እዚያው ከቆመ፣ ወይም ጭራሽ ካነሰ፣ ሊሚተሩ ጉሮሮውን አንቆታል።

ጆሯችሁን ካላመናችሁ በዓይናችሁ እዩት። ኦዳሲቲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱ። ፋይሉ ከሲዲ የተገለበጠ ወይም በፍላክ (ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያጠብ የፋይል ዓይነት) የተገዛ ይሁን። ከዩቲዩብ የወረደ አይሆንም፤ ኤምፒስሪና መሰሎቹ ጫፎቹን ስለሚያበላሹ የምታዩት ነገር ያሳስታችኋል።

እኔ ለማሳየት ሁሌ የምከፍተው በ2008 የወጣውን የሜታሊካን «ዴዝ ማግኔቲክ» ነው። «ዘ ደይ ዛት ኔቨር ካምስ» የሚለውን ዘፈን ክፈቱ። መግቢያው ላይ ጊታሩ ለስላሳ ስለሆነ ሥዕሉ ቀጭን ነው። ከባዱ ክፍል ሲገባ ግን ላይና ታቹ እኩል የተከረከመ አንድ ወፍራም ሰማያዊ መስመር ይሆናል። አሁን አንድ የከበሮ ምት እስኪታያችሁ ዙም አድርጉ። ሞገዱ ሾጣጣ ጫፍ ሊኖረው ሲገባ አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ያ ጠፍጣፋ ቦታ ነው ጆሯችሁ ላይ እንደ መንቀጭቀጭ የሚሰማው። ፕሮግራሙ ክሊፒንግን (ሞገዱ ጣሪያውን ነክቶ መቆረጡን) በቀይ የሚያሳይ ምርጫ አለው፤ ግን እሱን ብቻ አትመኑ። ማስተሩ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ተደርጎ ከሆነ ቀዩ አይበራም፣ ጠፍጣፋው ግን እዚያው አለ። ከዚያ የዚያኑ ባንድ የ1991 አልበም ጎን ለጎን ክፈቱ። ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚህ አልበም ጉዳይ ከ10 ሺህ በላይ አድናቂዎች እንደገና ይሠራልን ብለው ፈርመዋል። የነቁትም «ጊታር ሂሮ 3» የሚባለው ጌም ውስጥ የገባው ቅጂ ሳይጨፈለቅ ስለወጣ ነው። ማስተሩን የሠራው ቴድ ጄንሰን ደግሞ ሚክሱ (ከማስተሪንግ በፊት ሁሉም መሣሪያና ድምፅ የተቀላቀለበት ቅጂ) እጁ ሲገባ ቀድሞ ተደፍጥጦ እንደነበር ተናግሯል። ስለዚህ ማስተሪንግ የሠራውን ሰው ለመርገም አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ሥራው ከእሱ በፊት አልቋል።

ቁጥር የሚወድ ሰው ዲአር ሜትር ይጠቀም፤ ዘፈኑ ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚል በቁጥር የሚለካ ፕሮግራም ነው። ከባዱ ሮክ ላይ 10 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ዘፈኑ ይተነፍሳል። «ዴዝ ማግኔቲክ» ሲዲው 3 ነው።

አልበሙ ተጨፍልቆ ካገኛችሁት የቀረው ሥራ ሌላ ቅጂ ማደን ነው። «ሪማስተር» (እንደገና ማስተር የተደረገ) የሚል ሲለጠፍበት አትደሰቱ። የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» የ1991 ሲዲ ከ2011ዱ ሪማስተር ይልቅ በጣም ይተነፍሳል። ለድሮ ሮክ ያገለገለ የመጀመሪያ ሲዲ ፈልጉ፤ ርካሽም ነው። ተቃራኒውም አለ። ረሽ የ2002ቱን «ቬፐር ትሬይልስ» በ2013 እንደ አዲስ ሚክስ አስደርገው አውጥተውታል፣ ያንን ያዙ። ናይን ኢንች ኔይልስ በ2013 «ሄዚቴሽን ማርክስ»ን በሁለት ዓይነት ማስተር አቀረቡ፤ ረጋ ያለው ለብቻው አለ።

ሸክላስ? አንዳንዴ ያዋጣል። የሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ «ስታዲየም አርካዲየም» ሸክላው ለብቻው በስቲቭ ሆፍማንና በኬቨን ግሬይ ማስተር ተደርጓል፣ ልዩነቱም ይሰማል። ግን ብዙ ሸክላ የሚታተመው ከዚያው ከተጨፈለቀው ፋይል ነው። የሸክላ ዲአር ቁጥር ከፍ ብሎ ስላያችሁም አትታለሉ፤ መርፌው የሞገዱን ቅርጽ ስለሚያዛባ ያው ማስተር የተሻለ ቁጥር ይሰጣል። ለሸክላው ማስተሩን ለብቻ ማን እንደሠራው ካልተጻፈበት ገንዘባችሁን ውኃ ይበላዋል። ያንኑ ማስተር በፍላክ ወይም በ24 ቢት ደግሞ መግዛትም እንደዚያው ነው። የተቆረጠው አይመለስም።

ሌላ ቅጂ ከጠፋ እንግዲህ ቻል ማድረግ ነው። ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ያለውን በኢኩዋላይዘር 2 ዴሲቤል ያህል ቀንሱ፤ መንቀጭቀጩ ይለዝባል። ቤዝ አትጨምሩ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ክሊፕ የሚጠግኑ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ግምት ነው የሚሞሉት።

የራሳችሁ ባንድ ኖሯችሁ ልትቀዱ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ በእጃችሁ ነው። ሚክሱን ስትልኩ ከማስተር ትራኩ (ሁሉም ድምፅ ተቀላቅሎ ከሚያልፍበት የመጨረሻ ትራክ) ላይ ሊሚተሩን አንሱት። ከፍተኛው ጫፍ −6 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፣ ፋይሉ 24 ቢት ዌቭ። ማስተር ለሚያደርገው ሰው «ጮክ ያለና ረጋ ያለ፣ ሁለቱንም አሰማኝ» በሉት፤ ሁለቱንም በእኩል ቮልዩም ስሙና ምረጡ። ያለቀው ጫፍ ከ−1 ዴሲቤል ትሩ ፒክ (ፋይሉ ወደ ድምፅ ሲቀየር የሚደርስበት እውነተኛ ጫፍ) አይለፍ። ጮክ ያለ ካልሆነ ሰው አይሰማውም የሚል አባል ባንዱ ውስጥ አይጠፋም። ለእሱ የገንስ ኤንድ ሮዝስን «ቻይኒዝ ዴሞክራሲ» አሰሙት። ያው በ2008 የወጣ ነው፤ ቦብ ሉድዊግ ሦስት ዓይነት ማስተር አቅርቦ ነበር፣ ባንዱ የመረጠው ያልተጨፈለቀውን ነው።