ሙዜን ያጠፋው ጥማት አልነበረም

ባሕር ዳር ግቢዬ ውስጥ ያለው ሙዝ ክረምት ሲገባ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠለጠለ። የጠማው መስሎኝ፣ በዚያ ዝናብ ላይ ደግሞ አጠጣው ነበር! ያነቃኝ አጥሩ ሥር፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያለው ኮባ ነው፤ ለግቢው ውበትም ለድፎ ዳቦም የተከልኩት፤ እሱ ምንም አልሆነም። የሙዙን ሥር ቆፈር ሳደርግ ጥቁሩ አፈር ቡኮ መስሏል፤ ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። ለካ ውኃ ተኝቶበት ታፍኗል።

ቦይ ቀደድኩለት። ከጎኑ ከበቀሉት 7 ቡቃያዎች ጤነኛውን ከነሥሩ ነቅዬ፣ የጠቆረውን ቆርጬ፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ በበሰበሰ ፍግ ተከልኩት። እናቲቱ አንዴ ካፈራች ስለማትደግም አላሳዘነችኝም።

መስከረም ላይ አዲሱ ቅጠል እንደ ጧፍ ተጠቅልሎ ብቅ አለ።