አባባ ወደ ጋራው ሲወጡ

ሐረር ያላችሁ፣ አባባ ወይም እማማ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐኪም ጋራ «እግሬን ላፍታታ» የሚሉ ከሆነ ይቺን ንገሩልኝ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ቁጥቋጦው መንገዱን ይውጠዋል።

ዱላ ለመደገፊያ ብቻ አይደለም። ሣሩ በረዘመበት ቀድመው መሬቱን መታ መታ ያድርጉበት። እባብ ንዝረት ሲሰማው ብዙ ጊዜ ይሸሻል፣ ሣር የሸፈነው ጉድጓድም ይለያል። የሱሪው ጫፍ ካልሲ ውስጥ ይግባ። ጨጎጊት ከመልቀምም ይገላግላል።

ዋናው ጠላት ግን ቅንጬ አረም ነው። ቅጠሉ የተተለተለ፣ አበባው ድቅቅ ያለ ነጭ፣ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል። ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል። በእጅ ገፋ አድርጎ ማለፍ የለም፤ በዱላ ነው። ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ከተሰበረም ነጩ ወተት ዓይን እንዳይነካ። ከነካ ሳያሹ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ስለዚህ አንድ ሃይላንድ ውሃ ከእጅ አይጥፋ።

ሰዓቱ? ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ግድም ጥሩ ነው። ድንጋዩ እርጥብ ሳለ ያንሸራትታል። ማምሻውን ግን ይቅርባቸው፤ ከሰው እጅ ሥጋ የሚበላው ጅብ ሌላ፣ የጫካው ሌላ።