የሐዲስ ዓለማየሁን የልጅነት አገር በእግር ለማስጎብኘት

የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ጎጃምን ሳያያት ያውቃታል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት በጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። ከላይ የጮቄ ተራራ አለ፣ ከታች የአባይ በረሃ። ጓደኞቻችሁን ወይም ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ይህን አገር በእግር ለማሳየት ካሰባችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ መጽሐፉን እርሳስ ይዛችሁ እንደገና አንብቡት። በዚህ ንባብ ከፍቅሩ ይልቅ መሬቱን ተከተሉ። መንገድ፣ ወንዝ፣ ደብር፣ እርሻ የተነሣበትን ሁሉ አስምሩ። ከዚያ ለጉዞው ሦስት ወይም አራት ክፍል ብቻ ምረጡ፤ እያንዳንዱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ቆሞ የሚሰማ ሰው ረጅም ንባብ አይችልም።

ወቅቱ ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሁን። በክረምት ጭቃው አያስኬድም። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጠዋትና ማታ ስለሚበረታ ጋቢ አይቅር። የተራራው ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስም ራሷ ደጋ ናት። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የመንገዱን ጸጥታ እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ። ሰላም ካልሆነ ጉዞው ይቆይ፤ አገሩ የትም አይሄድም።

መሪ የሚሆናችሁን ከአካባቢው ፈልጉ። የወንዙን ስም፣ የማን እርሻ እንደሆነ፣ የትኛው አቋራጭ እንደሚያደርስ የሚያውቅ አዛውንት ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል። ለድካማቸው የሚገባቸውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አጥቢያው ስትደርሱ መጀመሪያ አለቃውን አግኙ፣ ነጠላ ያዙ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ።

ወደ እንዶዳም የምታደርጉትን ጉዞ በማለዳ ከደብረ ማርቆስ፣ ከጥንቷ መንቆረር ጀምሩ። ከከተማ እስክትወጡ ምንም አታንብቡ፤ ሰዉ በመጀመሪያ ዓይኑን ያሳርፍ።

ከጉዞው ሁሉ አብልጬ የምወደው ክፍል ይኼኛው ነው። ሐዲስ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ የመጽሐፉን ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህንም የቅኔ ሰው አድርገው ጻፉት። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ከጎጆው ወጥቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ያዘጋጀውን ይዞ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ስለዚህ ተዳፋቱ፣ ጥላውና ነፋሱ የትምህርት ቤቱ አካል ናቸው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሰዉን በትኑት፤ ስልክ ጠፍቶ ሩብ ሰዓት ለየብቻ ይቀመጥ። ያየውን በሁለት ስንኝ ይዞ ይምጣ፣ ቤት ባይመታም ግድ የለም። ከዚያ በኋላ ስለ በዛብህ ተማሪነት የተጻፈውን አንብቡላቸው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ልጅ ምን ዓይነት ኑሮ እንደነበረው ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

የልብ ወለዱ ታሪክ የሚፈጸምባቸው ማንኩሳና ዲማ በእግር አይደረስባቸውም፤ ለየብቻ ቀን ያዙላቸውና በመኪና ሂዱ። ማንኩሳ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ናት፤ የበዛብህን ወላጆች፣ የነቦጋለ መብራቱን ታሪክ መክፈቻ እዚያ አንብቡ። ዲማ ጊዮርጊስ በሌላው አቅጣጫ፣ በቢቸና በኩል ነው። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ያስተማረው እዚህ ነው፣ በልብ ወለዱ ማለቴ ነው። «የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ይኸውላችሁ» ብላችሁ አንድ ግቢ አታሳዩ። አንባቢን መዋሸት ነው፣ የደራሲውንም ሥራ ያሳንሳል።

ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ ላይ ያመፁበትን ክፍል ለዲማ አቆዩት። ሲነበብ የመንደሩ ሰው ሊሰበሰብ ይችላል፤ ቦታ ስጡት። ንባቡ ሲያልቅ እናንተ ከመናገራችሁ በፊት አባቶችን ስለ ጭሰኝነት ዘመን ምን እንደሰሙ ጠይቋቸው፣ ሳታቋርጡም አድምጧቸው።