«ሄድ ሀንተርስ»ን ስትሰሙ ባሱን ያዙ

የአሜሪካዊውን የጃዝ ፒያኒስት የኸርቢ ሃንኮክን «ሄድ ሀንተርስ» አልበም ጀምራችሁ ከተዋችሁት አንዴ እንደገና ሞክሩት። እ.አ.አ. በ1973 የወጣ ነው፤ አራት ሥራ ብቻ ነው ያለው። በስልክ ስፒከር ግን እንዳትሰሙት፤ ባሱ ይጠፋና ግማሹ ሙዚቃ አብሮት ይሄዳል። ኢርፎን ይበቃል።

የመጀመሪያው «ካሚሊየን» ከ15 ደቂቃ በላይ ነው። ሁሉንም መሣሪያ በአንዴ ልከታተል ካላችሁ ይሰለቻችኋል። መግቢያው ላይ የምትሰሙትን ወፍራም ባስ ብቻ ያዙ። ባስ ጊታር ይመስላል አይደል? አይደለም፣ ራሱ ሃንኮክ በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥር ኪቦርድ) የሚጫወተው ነው። ከዚያ ከበሮው፣ ጊታር የሚመስለው ጭርጭርታ፣ ሳክስፎኑ እየተደራረቡ ሲመጡ ቁጠሯቸው። መሃል ላይ ምቱ ይቀየርና ኤሌክትሪክ ፒያኖው ይገባል። እኔ በበኩሌ የምወደው እሱን ነው።

ቀጥሎ «ወተርሜለን ማን» አለ። መጀመሪያ ላይ ያለው ፉጨት ዋሽንት እንዳይመስላችሁ፤ የባንዱ የምት መሣሪያ ተጫዋች ቢል ሰመርስ የቢራ ጠርሙስ እየነፋ ነው! ሐሳቡን የወሰደው ከመካከለኛው አፍሪካ የደን ነዋሪዎች ሙዚቃ ነው። ሃንኮክ ይሄንኑ ዜማ እ.አ.አ. በ1962 በተለመደው የጃዝ አጨዋወት ቀርጾት ነበር። መጀመሪያ የድሮውን ስሙ፣ ወዲያው ይሄኛውን አስከትሉ።