በራስፕቤሪ ፓይ የቤት ፊልም ማጫወቻ እንዴት እንደሚሰራ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ እማዬ አንድ ነገር ትጠይቀኝ ነበር። የታላቅ እህቴን የሰርግ ቪዲዮ ማየት ትፈልጋለች። ዲስኮቹ አሉ፣ ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቆይቷል። ቤታችን ያለው ኢንተርኔት የሞባይል ዳታ ብቻ ስለሆነ ፊልም በቀጥታ ከኔት ማየትም ኪስ ይጎዳል። ያለ ኢንተርኔት፣ ከፍላሽ ላይ፣ እሷ በራሷ ሪሞት የምታዘው ማጫወቻ ያስፈልገን ነበር። ራስፕቤሪ ፓይ 4 ላይ ሰራሁት፤ አሁን እየሰራ ነው። እናንተም እንድትሰሩት ነው የምጽፈው።

ራስፕቤሪ ፓይ የባንክ ካርድ የሚያክል ሙሉ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር እንደ ስልካችን የአርም ዓይነት ነው። 4ኛው በ2019፣ 5ኛው በ2023 ወጣ። ለፊልም ማጫወቻ 2 ጊጋባይት ራም ያለው 4ኛው በደንብ ይበቃል። ከሱ ጋር 16 ጊጋባይት የሆነ ሚሞሪ ካርድ፣ ካርድ ሪደር፣ ላፕቶፕና የቲቪ ገመድ ያዙ። ገመዱ ላይ ተጠንቀቁ። ምስልና ድምፅ ወደ ቲቪ የሚያወጣው የቦርዱ ቀዳዳ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ነው። ሚኒ የሚባለው ሌላ ነው፤ አይገባም።

ከሁሉም በላይ ግን የምለምናችሁ ቻርጀሩ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ የድሮ ስልኬን ቻርጀር ሰካሁበት። ተነሳ። ፊልሙም ጀመረ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ምስሉ ቀጥ አለ። ሶፍትዌሩ ነው ብዬ ካርዱን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ያው ነው። ሁለተኛ ጫንኩ፣ አሁንም ያው። በሦስተኛው ቀን ማታ መብራቱን አጥፍተን ስናይ፣ ቦርዱ ጥግ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ጠፋ በራ ስትል አየሁ። ችግሩ እሷ ጋ ነበር። ፓይ 4 የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ ቀይዋ መብራት ትጠፋለች። ቻርጀሬን ገልብጬ ጽሁፉን ሳነብ 5 ቮልት፣ 2 አምፒር ይላል። ለፓይ 4 የሚያስፈልገው 5.1 ቮልት፣ 3 አምፒር ነው። ለፓይ 5 ደግሞ 5 አምፒር። ረጅምና ቀጭን ገመድም ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል፤ አጭርና ወፈር ያለ ምረጡ። ቀይዋ መብራት ሳትርገበገብ ካልበራች ወደ ሌላው ደረጃ አትለፉ። ያለበለዚያ እንደኔ የሌለ የሶፍትዌር ችግር ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

አሁን ወደ መጫኑ። የምንጭነው ሊብሬኤሌክ የሚባል ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ዋና ሶፍትዌር ነው። ኮዲ የተባለውን ማጫወቻ ለማስነሳት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይዞ የተሰራ ስለሆነ ቀላል ነው፣ በነጻም ይገኛል። ኮዲ እስከ 2014 ኤክስቢኤምሲ ይባል የነበረው ነው፤ ቆየት ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። መደበኛውን የራስፕቤሪ ሊኑክስ ጭኖ ቪኤልሲ የሚባለውን ሌላ ማጫወቻ መጠቀምም ይቻላል። ግን ማውዝና ኪቦርድ ይፈልጋል። እናቴ ሶፋ ላይ ሆና ማውዝ እንድትገፋ አልፈልግም።

ላፕቶፓችሁ ላይ ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር የሚባለውን ፕሮግራም አውርዳችሁ ጫኑ። ካርዱን ሰክታችሁ ክፈቱት። መጀመሪያ የቦርዱን ዓይነት ይጠይቃል፤ 4 ከሆነ 4 በሉት። ቀጥሎ የሚጫነውን ይጠይቃል። እዚያ ውስጥ ሚዲያ ፕሌየር የሚለው ክፍል ግቡና ሊብሬኤሌክን ምረጡ። በመጨረሻ ካርዱን አሳዩት። እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ፕሮግራሙ የመረጣችሁትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። የፎቶ ፍላሻችሁ አብሮ ተሰክቶ ከሆነ ቀድማችሁ ንቀሉት። ቦርዳችሁ ኦሬንጅ ፓይ ወይም ሌላ ከሆነ ለሱ ተብሎ የተዘጋጀውን ፋይል ፈልጉ፤ የአንዱ ለሌላው አይነሳም።

ካርዱን ቦርዱ ላይ ሰኩ። የቲቪውን ገመድ ከቻርጀሩ ቀዳዳ አጠገብ ባለው ኤችዲኤምአይ ሰኩ። ቻርጀሩን መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ሲነሳ ካርዱን አደላድሎ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል፤ አትደንግጡ። ከዚያ ቋንቋና ኔትወርክ ይጠይቃችኋል። ዋይፋይ ከሌላችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ሪሞቱ የኔን እናት በጣም ያስደሰታት ነገር ነው። ቲቪው በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል የራሱን ሪሞት ትእዛዝ ለቦርዱ ማስተላለፍ ይችላል። ሴክ ይባላል። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማብራት አለባችሁ። ሳምሰንግ ላይ ኤኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ቲቪያችሁ ይህ ከሌለው እና ቤት ውስጥ ዋይፋይ ካለ ኮሬ የሚባለውን የኮዲ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

ፍላሹን ስትሰኩ ቪዲዮ የሚለው ውስጥ ስሙ ይመጣል። የሰርግ ዲስክ ስትገለብጡ ቪዲዮ ቲኤስ የሚለውን ማህደር እንዳለ ውሰዱት፣ ውስጡን አትበታትኑት። ለፓይ 4 ቀላል ሥራ ነው። የሚከብደው ሌላ ነው። ቪዲዮ የሚታመቅባቸው የተለያዩ ዘዴዎች አሉ። ፓይ 4 ኤች 264 እና ኤች 265 የተባሉትን በራሱ ቺፕ ይፈታል፤ ለኤቪ 1 እና ለቪፒ 9 ግን የተሰራ ነገር የለውም። ከኔት የምታወርዱት ቪዲዮ ጥራቱ ከፍ ሲል ከተቆራረጠ በኤች 264 የተሰራውን አውርዱ። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ትልቅ ሃርድ ዲስክ የምትሰኩ ከሆነ የራሱ ቻርጀር ያለውን ምረጡ። የፓይ 4 አራቱም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ተደምረው የሚሰጡት 1.2 አምፒር ብቻ ነው።

የአማርኛ የግርጌ ጽሁፍ ያለው ፊልም ካላችሁ፣ የጽሁፉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን፣ ሲቀመጥም ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ (ኢንኮዲንግ) ይቀመጥ። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ካያችሁ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ጎድሏል ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዳችሁ ኮዲ ውስጥ ባለው ፎንትስ የሚል ማህደር አስገቡ፤ ከዚያ የግርጌ ጽሁፍ ሴቲንግ ላይ ምረጡት።

እኛ ሰፈር መብራት ሳይታሰብ ይሄዳል። ሊብሬኤሌክ ዋናውን ሲስተም የሚያነበው እንጂ የሚጽፍበት ስላልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የሚጎዳው የእናንተ ሴቲንግ ነው። ስለዚህ ሁሉን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ሊብሬኤሌክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባክአፕ አድርጉና ፋይሉን ላፕቶፓችሁ ላይ አስቀምጡት። ፓይ 4 መብራት ሲመለስ ራሱ ይነሳል። ያንን ካልፈለጋችሁ ማብሪያ ማጥፊያ ባለው ዲቫይደር ላይ ሰኩት።

በየቀኑ ስትዘጉት በቀጥታ ከሶኬት አትንቀሉት። እማዬን ያስተማርኳት እንዲህ ነው። በሪሞቱ ወደ ማጥፊያው ምልክት ሄዳ ትጫናለች። ቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት እስክታቆም ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ነው ዲቫይደሩን የምታጠፋው።