ፍላሼ ላይ ሾርትከት ብቻ ሲቀር ፋይሎቼን እንዴት አገኘኋቸው

ደሴ ውስጥ ፍላሽ ሥራ አይፈታም። ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከሰዓት ቢሮ፣ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል። የእኔም ለዓመታት እንዲሁ አገልግሎኛል። ሰሞኑን ግን ወረቀት ላሳትምበት ወጥቶ ሲመለስ ፋይሉ ሁሉ ጠፍቶ አንዲት ሾርትከት (ስትጫኗት ሌላ ነገር የምትከፍት ምልክት) ብቻ ቀረች። ሐይቅ ሄጄ ከአባባ የቀዳሁት መንዙማ እዚያው ውስጥ ስለነበር ክው አልኩ።

ፕሮፐርቲስ (ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ የሚያሳየው መስኮት) ሲታይ ግን ፍላሹ አሁንም ሙሉ ነው። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቋል ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ቫይረስ ነው፤ ፋይሎችን ስም የለሽ ፎልደር ውስጥ ከቶ ይሸሽጋቸዋል። ሾርትከቷን ከተጫናችሁ ኮምፒውተሩም ይያዛል። እባካችሁ አትንኳት!

የገላገለኝ ስልኬ ነው። ፍላሹን በኦቲጂ ገመድ (ፍላሽን ከስልክ ጋር በሚያገናኝ አጭር ገመድ) አንድሮይድ ስልክ ላይ ሰካሁት። ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ እዚያ አይሠራም። ዊንዶውስ የሚደብቀው ፋይልም እዚያ እንደማንኛውም ፋይል ይታያል። ስም የለሹን ፎልደር ስከፍተው መንዙማው፣ ፎቶው፣ ደብዳቤው ሁሉ ቁጭ ብሏል። ተመስገን!

የማውቃቸውን ፋይሎች ብቻ መርጬ ወደ ስልኬ ኮፒ አደረግኩ። ከዚያ ፍላሹን እዚያው ፎርማት አደረግኩት፤ ያለበትን ሁሉ አጠፋሁት ማለት ነው። የቤቱን ኮምፒውተርም በአንቲቫይረስ አስፈተሽኩ።

አሁን ለማተሚያ የሚሆን ሌላ ትንሽ ፍላሽ ይዣለሁ፤ የሚታተመው ወረቀት ብቻ ነው ያለበት። የአባባ መንዙማ ስልኬም ላይ፣ ኮምፒውተሩም ላይ አለ።