ከብሬግዚት በኋላ ለተማሪ ልውውጥ ስናመለክት የምንሠራቸው ስህተቶች

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች (ከብሬግዚት) ወዲህ ከምንሠራቸው ስህተቶች ከሁሉም የሚያንገበግበው ቱሪንግን፣ ማለትም የብሪታንያን የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም፣ የኅብረቱ ልውውጥ ፕሮግራም የሆነው የኢራስመስ ምትክ አድርጎ ማየት ነው። ኢራስመስ ፕላስ በሁለቱም አቅጣጫ ይከፍላል፤ ከአውሮፓ ወደ ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ለሚመጣውም፣ ከፔዳ ወደ አውሮፓ ለሚሄደውም። የብሪታንያ የሽግግር ጊዜ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲያበቃ አገሪቱ ከኢራስመስ ወጣች፤ በ2021 ቱሪንግን ጀመረች። ቱሪንግ ግን የሚከፍለው ከብሪታንያ ለሚወጣ ተማሪ ነው። የግላስጎው ልጅ ጣና ዳር መጥቶ አንድ ሴሚስተር ቢማር ወጪው ሊሸፈንለት ይችላል። የባሕር ዳር ልጅ ግላስጎው ልሂድ ቢል ግን ከዚያ ካዝና አንድ ፓውንድ አያገኝም። ይህን ሳያጣሩ ደብዳቤ ሲጽፉና ሲያስፈርሙ የሚከርሙ ጎበዝ ልጆችን ማየት ያሳዝናል። ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ገንዘቡ የማን ነው? ለሚሄድ ነው ወይስ ለሚመጣ?

የመግባቢያ ሰነድ ስላለ ቦታ አለ ማለትም ያው ነው። ሰነዱ በጀት የለውም። ከእኛ አገር ጋር ለሚደረግ የኢራስመስ ልውውጥ የሚያመለክተው የኅብረቱ አባል በሆነ ወይም ከፕሮግራሙ ጋር በተሳሰረ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ማመልከቻውንም ለራሱ አገር ኤጀንሲ ያስገባል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ማመልከት አይችልም፤ ብሪታንያ ከወጣች ወዲህ የብሪታንያ አጋራችሁም ይህን በር አጥቷል። ስለዚህ አስተባባሪዎች የጀርመን፣ የስፔን ወይም የፖላንድ አጋር ፈልጉ። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ የካቲት ላይ ስለሚውል ንግግሩን በጥቅምት ጀምሩ፤ በጥር የተላከ ኢሜይል አይደርስም። ለትምህርት የሚሄድ ተማሪ ከ2 እስከ 12 ወር፣ ሠራተኛ ከ5 ቀን እስከ 2 ወር ይቆያል። ሌርኒንግ አግሪመንቱን (የምትወስዷቸው ኮርሶች የሚዘረዘሩበትን ስምምነት) ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ሦስቱም ሳይፈርሙ ከባሕር ዳር እንዳትነሡ፤ ያለዚያ ስትመለሱ ኮርሱን የሚይዝላችሁ የለም።

«ብሬግዚት ሁለት ቪዛ አመጣብን» የሚባለው ልክ አይደለም። ብሪታንያ ቀድሞም ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) ውስጥ አልነበረችም፤ ለኢትዮጵያዊ ሁለቱ ቪዛዎች ሁልጊዜም ለየብቻ ናቸው። ለብሪታንያ የተማሪ ቪዛ የሚታየው ገንዘብ 28 ተከታታይ ቀን በባንክ መቆየት አለበት፤ በመሃል አንድ ቀን ከሚፈለገው በታች ከወረደ ማመልከቻው ይወድቃል። ከ6 ወር በላይ የሚቆይ ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱ የሚያገለግለው 6 ወር ስለሆነ ቅበላው ሳይረጋገጥ አትቸኩሉ።

ክሬዲት፦ ብሪታንያ ከኅብረቱ እንጂ ከቦሎኛ ሥርዓት (የአውሮፓ አገሮች ዲግሪና ክሬዲት የሚያቀራርቡበት ስምምነት) አልወጣችም። 20 የብሪታንያ ክሬዲት 10 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የጋራ ክሬዲት) ነው።

የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለእኛ አይደለም፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ቼቨኒንግ የተባለው ስኮላርሺፕ ግን የብሪታንያ መንግሥት የራሱ በጀት ስለሆነ ብሬግዚት አልነካውም፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል።

በመጨረሻ፣ «ብሪታንያ ተመለሰች» የሚለውን ዜና ለይታችሁ አንብቡ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የተመለሰችበት ሆራይዘን የምርምር ገንዘብ እንጂ የተማሪ ልውውጥ አይደለም። ወደ ኢራስመስ የምትመለሰው፣ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ስምምነት መሠረት፣ በ2027 ነው፤ ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።